የቦታ ለውጥ

በ1977 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወርቃ በምትባል መንደር በአንድ የቡና መፈልፈያ የሚሠራ ሰው ማሽኑ አጠገብ እንደቆመ እንቅልፍ ጣለውና የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች አጣ። በዚያው ሳምንት ይርጋጨፌ ውስጥ አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ታይፕ እየመታች ከወንበሯ ወደቀች። በሽታ አልተገኘባትም። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከሥራ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ቡና ለቀማ ዘመቻ ስትሮጥ ከርማ ኖሯል። ወሬው ዲላ ሲደርስ የአውራጃው ሹማምንት ተቀመጡና ወሰኑ፦ ሠራተኛው ጤናውን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ጉልበቱንም እንዴት እንደሚቆጥብ ትምህርት ይሰጠው። ሥራው ይቀነስለት ያለ ግን አልነበረም።

ትምህርቱን እንድትሰጥ የታዘዘችው ሲስተር አትጠገብ ነበረች። ዲላ ተወልዳ ያደገች፣ በከተማው ጤና ጣቢያ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላትም። ቀደም ሲል አዲስ አበባ ለስድስት ወር ተልካ ስለ ሠራተኞች ጤና ተምራ ስለነበር በአውራጃው ከእሷ ሌላ ለዚህ የሚታጭ ሰው አልተገኘም። የዘመቻ ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ግዛቸው ቢሮው ጠርቶ ትእዛዙን ሲነግራት ደስ አላት። ለዓመታት ራሴን፣ ወገቤን፣ ልቤን እያለ ለሚመጣ ሰው አስፕሪን ስትሰጥ ኖራለች፤ ሕመሙ ግን አስፕሪን የሚደርስበት እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። አሁን ሰዎቹን አስቀምጣ የምትጠይቅበት ጊዜ ሊሰጣት ነው።

ግዛቸው የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰው አይሳደብም። በየወሩ ከበላይ ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ቡና የሚል ወረቀት ይደርሰዋል። ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሲያሽ ያየው ብዙ ነው። ለአትጠገብ መኪናም ነዳጅም እንደሌለ ነገራትና በሳምንት ሁለት ቀን ከጤና ጣቢያው ሥራ ነፃ አደረጋት።

ስለዚህ ወደየሥራ ቦታው በባህሩዲን አውቶቡስ መሄድ ጀመረች። ባህሩዲን አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ሱቅ የከፈተ፣ እሱ ደግሞ በይርጋጨፌ መንገድ የራሱን አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ነው። ልጁን ረህማን ያዋለደችው አትጠገብ ስለሆነች ከጎኑ ያለውን ወንበር እሷ በምትሄድበት ቀን ለማንም አያስነካም።

መጀመሪያ አካባቢ ሰዎቹ ገና ዕረፍት የሚለውን ቃል ስትናገር ማንጎላጀት ይጀምሩ ነበር። አልቀሰቀሰቻቸውም። ለአንድ ሰዓት ከአውራጃው ተጽፎ የተሰጣትን ታነባለች፤ ከዚያ አንድ ጠረጴዛ አቮካዶ ዛፍ ሥር ታስወጣና ሰዎቹን ተራ በተራ ታነጋግራለች። ጥያቄዎቿ ቀላል ነበሩ። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ምሳህን ተቀምጠህ ነው ቆመህ የበላኸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅኸው መቼ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አብዛኛው ሰው ለማስታወስ ይሞክርና ይተወዋል። አንዳንዱ ያለቅሳል። የቡና ለቃሚ ሴቶችን ቤት እንደገባችሁ ሩብ ሰዓት እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተጋደሙ፣ ባሎቻችሁ ከጠየቁ የመንግሥት ትእዛዝ ነው በሏቸው አለቻቸው። እውነትም አንዷ ባሏን እንዲህ ብላ አስደንግጣ፣ አሁን ቡናውን እሱ ራሱ እያፈላ እንደሚጠብቃት እየሳቀች ነገረቻት።

የነገሯትን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ስም፣ የሥራ ቦታ፣ የሚሰማው ነገር፣ ምን ቢደረግለት እንደሚሻል። ሰው ሲበዛ እንዳይምታታባት ነው። አንድ ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ስትጽፍ ባህሩዲን ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ "እህቴ፣ ሰው የነገረሽን በጆሮሽ ያዢው፤ ወረቀት አደራ አያውቅም" አላት። እሷ ግን ይህ የሐኪም ሥራ ነው፣ ሐኪም የሰማውን ካልጻፈ ይሳሳታል ብላ መለሰችለት። እሱም ሌላ አልጨመረም።

ሙሉካን ያገኘችው አሪቻ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ሙሉካ እዚያው አካባቢ የተወለደ፣ ጌዴኦ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ነው። ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ ያስተምራል። ሲመሽ የመሠረተ ትምህርት አለ። ቅዳሜ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው እሱ ነው፤ እሑድ ተማሪዎቹን ይዞ ቡና ለቀማ ይዘምታል። ድምፁ ሻክሮ ሊጠፋ ደርሷል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን ሲያይ ቆየና ቾኩ እያመለጠ እንደሚወድቅበት ነገራት። ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ከሣራ ጋር ሁለት ቃል ሳይነጋገር እንደሚተኛ ነገራት። እሷም አልቸኮለችም።

"ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መታሁ" አላት በመጨረሻ። "ስድስት ዓመት ሳስተምር ልጅ መትቼ አላውቅም። አንድ ጥያቄ ሁለቴ ጠየቀችኝ፣ ሌላ ያጠፋችው የለም።"

"ደክሞኛል ብለህ ለአለቆችህ ነግረሃል?"

"ለማን እነግራለሁ ሲስተር? ከእኔ ይልቅ ገበሬው ደክሞታል።" ጥቂት አሰበና ቀስ ብሎ ጨመረ፦ "ድሮ እሑድ ነበረችኝ። አሁን እሷም ተወሰደች።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። ሙሉካ ፕሮቴስታንት ነው፤ የሚያመልክበት ቤት በሩ በመንግሥት ከታሸገ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሷ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ሲመቻት ነው፤ ቢሆንም ሰውየው የተናገረው ስለ ሃይማኖት ብቻ አልመሰላትም። ማንም የማያዝበት አንድ ቀን ነው የናፈቀው። ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እጅግ ተዳክሟል። እሑዱን ይናፍቃል። የቦታ ለውጥ ቢያገኝ ይሻለዋል።» የቦታ ለውጥ ስትል አንድ ፈረቃ ብቻ ወዳለበት የዲላ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ቢዛወር ማለቷ ነበር።

ለጊዜው የምትችለውን አደረገችለት። የከሰዓቱ ፈረቃ ሲያልቅ ከመሠረተ ትምህርቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ብቻውን፣ ከማንም ጋር ሳያወራ፣ በእንሰቱ መሐል ባለው መንገድ እንዲሄድ አዘዘችው። በሁለት ሳምንት አንድ እሑድ ከዘመቻ የሚያስቀር የሕመም ወረቀት ጻፈችለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ፊቱ ሌላ ነበር። የመታትን ልጅ በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ እንደጠየቃት፣ ልጅቷም አፍራ ጠረጴዛ ሥር እንደተደበቀች ሲነግራት ሳቀ። አትጠገብ ያን ቀን ወደ ዲላ ስትመለስ ነርስ ከሆንኩ ወዲህ እንዲህ የረባ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብላ አሰበች።

ጥር ላይ ግዛቸው ሪፖርት ጠየቃት። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው አነጋግሬያለሁ፣ ከእነዚህ ስልሳ አንዱ በድካም ብዛት ሊወድቁ ደርሰዋል ብላ ጽፋ ሰጠችው። አነበበውና ወረቀቱን አስቀመጠ።

"ቁጥሩን ወደ በላይ እልከዋለሁ" አላት። "እኔ ግን ዕረፍት የምሰጠው ለቁጥር አይደለም። በጣም የባሰባቸውን የዘጠኝ ሰዎች ስም፣ ምን ቢደረግላቸው እንደሚሻልም ጻፊልኝ።"

አመነታች። ሰዎቹ ለእሷ ብለው የነገሯት ነገር መሆኑን ገለጸችለት። እሱም አልተቆጣም። ዐይኖቹ ቀልተው ነበር። ለእነሱ የሚሆን ነገር የማገኘው በስም ሲሆን ነው፣ የደከመ ሰው ምን እንደሚሰማው እኔም አላጣሁትም አላት። አትጠገብ ያን ጊዜ ያየችው ሹሙን አልነበረም፣ አንድ ሌላ የደከመ ሰው ነው። ቤቷ ሄዳ አንድ ቀን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ስም ባልሰጥ የሚያርፍ የለም፤ ብሰጥ ምናልባት ጥቂቱ ያርፋል። በማግስቱ የዘጠኝ ሰዎችን ስም ከነማስታወሻው ገልብጣ ወሰደችለት። ሙሉካ አራተኛው ነበር።

የካቲት ሲጋመስ ዘጠኙም ተጠሩ። ከሰሜን ድርቅ የተፈናቀለው ሕዝብ በምዕራብ ቆላ ሊሰፍር ስለሆነ ጎጆ የሚሠሩ፣ የሚመዘግቡ፣ የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች ከየአውራጃው ይላካሉ ተባለ። ከጌዴኦ አውራጃ የተጠየቀው ዘጠኝ ሰው ነው። ጊዜው ሦስት ወር ነው። ስማቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ያየችው አትጠገብ ጤና ጣቢያውን ትታ፣ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ፣ በእግሯ ወደ ግዛቸው ቢሮ ሄደች።

"እንድታሳርፋቸው ነው የሰጠሁህ" አለችው።

ከመሳቢያው የእሷን ጽሑፍ አውጥቶ በጣቱ አሳያት። "ምን ይላል? የቦታ ለውጥ። ያንቺው ቃል ነው።"

"ቆላ ነው እኮ። ወባ ያለበት። እነዚህ ሰዎች የሚቋቋም አካል የላቸውም።"

"ጓድ አትጠገብ፣ ዘጠኝ ሰው ላክ ተብዬ ነበር። ጠንካራውን ብልክ እዚህ ሥራው ይቆማል። የደከመውን ብልክ ግን ያን ያህል አይጎድልም።" እየተሳለቀ አልነበረም፤ እንደ ሒሳብ አስተማሪነቱ ነበር የሚያስረዳት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስለ እሑድ የጻፍሽውን ደግሞ ከወረቀቱ ቆርጬ ቀዳድጄዋለሁ። ሌላ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ አስተማሪው የሚሄደው ወህኒ ነበር። ለእሱም ለአንቺም ውለታ ውያለሁ።"

ልመናም ሞከረች። በእሱ ፈንታ እኔን ላከኝ አለችው፤ ነርስ ከጤና ጣቢያ አይወጣም ተባለች። ሙሉካ ሌላው ቢቀር በመጨረሻው ዙር ይሁን አለችው፤ ሌላ ዙር የለም አላት። ስትወጣ ከኋላዋ ትምህርቱን እንዳታቋርጥ፣ ከበላይ ጥሩ አስተያየት እንደመጣ ነገራት።

በተሸኙበት ቀን የከተማው ሕዝብ ወጥቶ ነበር። ከበሮ ነበር፣ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ከጭነት መኪናው ጎን ተሰቅሏል። ሙሉካ አትጠገብን አይቷት ከመኪናው ላይ እጁን ዘረጋላት። ግማሽ ሰዓት የምጓዝበት መንገድ አላጣም፣ አይዞዎት አላት። ማን ስሙን እንደሰጠ አያውቅም። እጁን ጨብጣ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋና ሳትነግረው ቀረች።

ለሣራ ግን ነገረቻት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሪቻ ወርዳ ቤቷ ሄደች። ሣራን ጓሮ እንሰት ስትፍቅ አገኘቻት። አትጠገብ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ደብተሩን፣ ሪፖርቱን፣ የቦታ ለውጥ ብላ የጻፈችውን። ሣራ ሥራዋን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ከእርስዎ ዘንድ ሲመለስ ይስቅ ነበር" አለቻት። "ማታ ማታ ሊያወራኝ ጀምሮ ነበር። አሁን ምን እንድልዎ ነው የመጡት?"

ሣራ እንሰቱን መፋቅ ቀጠለች። እንግዳዋ መቼ ከጓሮው እንደወጣች ቀና ብላ አላየችም።

ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ዓመት አለፈው። በዚህ መሐል ወሬው ሰዉን ሁሉ አዳረሰ፤ ለሲስተሯ ደክሞኛል ያለ ይዘምታል ተባለ። አትጠገብ እንደ ቀድሞው ከአውቶቡስ ወርዳ የተጻፈውን ታነባለች፣ ጠረጴዛውን ዛፍ ሥር ታስወጣለች። ደብተር መያዝ ትታለች፤ ግን ማን ያምናታል። ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ ይቀመጣሉ። እንቅልፍ? ጥሩ ነው። ምግብ? ጥሩ ነው። ሁሉም ደህና ነው። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ከዐይናቸው በታች ጠቁሮ፣ ምንም አልሆንንም ይሏታል። ግዛቸው ይህን ሰብስቦ በአውራጃው በድካም የተጎዳ ሠራተኛ እንደሌለ ሪፖርት አደረገ። የእሷ ስም ተጠቅሶ የምስጋና ወረቀት መጣላት። ከትምህርቱ ልትነሣ ማመልከቻ አስገባች፤ እንዲህ ውጤት ያመጣ ሰው አይነሣም ተብሎ ተመለሰላት።

በዚያው ዓመት ግዛቸው ራሱ ጤና ጣቢያ መጣ። ሰው እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። እንቅልፍ ከጠፋበት ወር አልፎታል። ክኒን እንድትሰጠው ጠየቃት።

"ዕረፍት ነው የሚያስፈልግህ" አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር፤ ዐይኑ ወደዚያ ሄደ። "አትጻፊው" አላት።

አልጻፈችም። ክኒኑን ሰጠችው። ሲወጣ ሊታዘንለት የሚገባ ሰው እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ልታዝንለት ሞክራ አልሆነላትም። ይህም አስፈራት፤ በሥራዋ ዘመን ለታመመ ሰው ማዘን ሲያቅታት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሚያዝያ 1978 ከዘጠኙ ሰባቱ ተመለሱ። ሁለቱ እዚያው ተቀብረዋል። ሙሉካ ከተመለሱት አንዱ ነው። ወባው አምስት ጊዜ ጥሎታል፤ በስድስተኛው የወሰደው መርፌ ሕይወቱን አተረፈለት፣ ጆሮውን ግን ነጠቀው። የልጆቹን ጥያቄ የማይሰማ አስተማሪ ክፍል ሊገባ ስለማይችል ትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል አስቀመጠው። ሰኔ ላይ በሕመም ምክንያት ጡረታ ለመጠየቅ የሐኪም ማስረጃ ፈልጎ ዲላ መጣና የተመደበለት ክፍል የእሷ ሆነ።

ሲገባ አላወቀችውም። ኮቱ ትከሻው ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሏል። ተቀመጠና ወረቀቱን ዘረጋላት። ከመቼ ጀምሮ እንደማይሰማ ጠየቀችው፤ አፏን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ጮክ ብላ ደገመችው። አሁንም አልሰማም። ተነሥታ ወደ ጆሮው ተጠግታ መጮህ ነበረባት፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ኮሪደር ተራ በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ድሮ አቮካዶ ዛፍ ሥር በሹክሹክታ የነገራትን ሰው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሽንቱ፣ ስለ ራስ ምታቱ እየጮኸች ጠየቀችው። እሱም እየጮኸ መለሰላት። ወጪ ወራጁ ሁሉ ሰማ።

ጥያቄው አለቀ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እንደገና ወደ ጆሮው ተጠጋች።

"ስምህን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" ብላ ጮኸች።

ኮሪደሩ ጸጥ አለ። ሙሉካ ጆሮውን ከአፏ አራቀና ዞሮ አያት።

"ሣራ ነግራኛለች" አለ፤ ድምፁን መመጠን ስለማይችል እሱም እየጮኸ። "ክፉ አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ይህን እያሰብኩ ነበር እዚያ የምተኛው። ክፉ አስበው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።" ከዚያ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረቀት ቀሰረ። "ይፈርሙልኝ። አውቶቡሱ ያመልጠኛል።"

ፈረመች፣ ማኅተም መታች። እሱም ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከቶ፣ እንደ ወጉ ከወገቡ ዝቅ ብሎ አመስግኗት ወጣ። የቀጣዩን ተረኛ ስም እስክትጠራ ድረስ ብዙ ቆየች።

በተከታዩ የቡና ወቅት፣ ኅዳር 1979፣ ከይርጋጨፌ ከፍ ብሎ ወዳለ አንድ መፈልፈያ ትምህርት እንድትሰጥ ተላከች። አርባ የሚሆኑ ለቃሚ ሴቶች ከቡና ማድረቂያው አልጋ ተጠርተው መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ ሲሠሩ መዋላቸውን ጠባቂው ነግሯታል። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ የአንዷ እግር አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት ባዶ እግሯን ነው። አትጠገብ ወረቀቱን አወጣችና የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ቀና ስትል ሁሉም ዐይናቸውን አፍጥጠው ያዩዋታል። እንደ ድሮው የሚያንጎላጅ አንድም የለም።

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ዛሬ ንግግር እንደማይኖር፣ የተሰጣቸው አንድ ሰዓት የእነሱ እንደሆነ፣ ጆንያው ላይ ጋደም ብለው እንዲያርፉበት ነገረቻቸው። በሩን እኔ እጠብቃለሁ፣ አለቃ ከመጣ ቀድሜ አስነሣችኋለሁ አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከፊት የተቀመጠችው፣ እግሯ ያበጠው ሴት፣ በጌዴኦኛ ቅላጼ አማርኛዋን እየፈለገች ጠየቀቻት።

"የተኛ ሰው ስሙ ይጻፋል?"

"አይጻፍም" አለች አትጠገብ። "ማንም አይጽፍም። ደብተር የለኝም።"

ቦርሳዋን ከፍታ አሳየቻቸው። ሴቶቹ ቦርሳውን አዩት፣ እሷን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ነፍሰ ጡሯ ትንሽ ወደ ኋላ ደገፍ አለችና ጎረቤቷ በክርኗ ስትነካት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አትጠገብ በሩ ላይ ቆመች። ደጋግማ ለመነቻቸው፤ በኋላም መለመኑን ተወች። ሰዓቱ እስኪሞላ አርባዎቹም ወገባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዐይናቸውን ሳይከድኑ እያዩዋት ቆዩ። ደወል ሲመታ ተነሥተው ወደ ቡናው ተመለሱ።